የድሮ ሃይስ መኝታ መኪና ውስጥ የሚገባው የመንገድና የንፋስ ድምፅ፦ ከየት ልጀምር?

ከፋ_መንገድ (ጅማ)

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዋ በ1997 እ.ኤ.አ. የተሠራች ቶዮታ ሃይስ ነች፤ 3ኤል ናፍጣ ሞተር፣ ረጅም ቦዲ። የኋላ ወንበሮቿ ወጥተው አልጋ፣ ቁም ሳጥንና ትንሽ ማብሰያ ተሠርቶላታል። እንግዳ ይዛ ከጅማ ወደ ቦንጋና ሚዛን ትሄዳለች፣ በወልቂጤ በኩልም አዲስ አበባ ትመላለሳለች። ከ70 ስታልፍ ጋቢና ያለው ሰው ከኋላ ካለው ጋር የሚግባባው እየጮኸ ነው። ሦስት ዓይነት ድምፅ ይለያል፦ ከሥር የሚመጣ ጉርምርምታ፣ በተንሸራታቹ በር በኩል ፉጨት፣ ከ80 በላይ ደግሞ ከጣሪያው የሚወርድ "ሁምምም" የሚል። ፖርቶመጋላ (የጣሪያ ዕቃ መጫኛ) አላት፣ አብዛኛውን ጊዜ ባዶውን ነው የሚሄደው።

ወለሉ ላሜራ ላይ በብሎን የታሰረ ኮምፔልሳቶ ነው፤ በላዩ የፕላስቲክ ምንጣፍ አለ። ግድግዳውም ከውስጥ ኮምፔልሳቶ ለብሷል፣ ከኋላው ግን ባዶ ነው። ያሰብኩት ወለሉን በሙሉ ነቅዬ ሳውንድ ፕሩፍ ለማልበስ ነው። አንዳንድ ሰዎች ለቤት ጣሪያ ውሃ መከላከያ የሚነጠፈውን የካትራሜ ጥቅል ግዛ፣ ርካሽ ነው ይሉኛል። ያዋጣል? ክረምት ሳይገባ መጨረስ እፈልጋለሁ።

ኩሽኔታ

ወለሉን ገና አትንካው። ማልበስ የመጨረሻው ሥራ ነው። ድምፁን የሚፈጥረው ዕቃ የተበላ ከሆነ በላዩ የምታነጥፈው ሁሉ ትንሽ ያፍነዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ይባስ ብሎ ኩሽኔታ (ጎማው ሳይፋተግ እንዲሽከረከር የሚያደርገው ዕቃ) ሊጨርስ መሆኑን የሚነግርህን ድምፅ ይደብቅብሃል።

መጀመሪያ ድምፆቹን ለያይ። ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወጣውን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ በ25 እና በ30 መካከል ውጣ። በዚህ ፍጥነት የንፋስና የጎማ ድምፅ ትንሽ ነው፤ የምትሰማው ሞተሩን፣ ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) እና የሞተሩን ጎሚኒዎች ነው። ቀጥሎ ሜዳ በሆነ ጭር ያለ አስፋልት ላይ 60 ስትደርስ ፍሪሲዮን ረግጠህ ሞተሩን በሚኒሞ ተወው። የቀረው ድምፅ ከጎማ፣ ከኩሽኔታ፣ ከካርዳን (ኃይል ወደ ኋላ ጎማ ከሚያደርሰው ዘንግ) እና ከንፋስ የሚመጣ ነው። ሞተሩን ግን በፍጹም እንዳታጠፋ፦ በዚህ ሞተር የፍሬኑን እገዛ የሚሰጠው ቫኪዩም ፓምፕ ከዲናሞው ጀርባ የተገጠመ ስለሆነ ሞተሩ ሲቆም እሱም ይቆማል፣ ፔዳሉም ይደርቃል። ቁልቁለት ላይም ይህን ሙከራ አታድርግ፤ ጊቤ በረሃ ስትወርድ ማርሽ ከእጅህ አይውጣ።

ሦስተኛው፣ አንዱን ፍጥነት ይዘህ ከሻካራ አስፋልት ወደ ለስላሳው ስትሻገር አዳምጥ። ከመንገዱ ጋር የተለወጠው ድምፅ የጎማ ነው፤ ሳይለወጥ የቀጠለው ደግሞ የንፋስ ወይም የማሽን ነው።

ጎማን በሚመለከት በጎኑ ላይ ዲኦቲ ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት ቁጥሮች አንብብ። 2316 ካለ በ2016 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ባያልቅም ያረጀ ጎማ ይደርቃል፣ የደረቀ ጎማ ይጮኻል፣ እርጥብ አስፋልት ላይም ያንሸራትታል። ከዚያ መዳፍህን በጥርሱ ላይ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ጎትት። በአንዱ አቅጣጫ ልስልስ ብሎ በሌላው የሚቧጭር ከሆነ አላይመንቱ ተበላሽቷል። ጥርሱ እየዘለለ ጎድጎድ ያለ ከሆነ ሾክ አብዞርበሩ ደክሟል ወይም ባላንስ የለውም። እንዲህ ያለ ጎማ ልክ እንደ ኩሽኔታ ነው የሚያጓራው፤ ብዙ ሰው ደህና ኩሽኔታ የሚያስፈታው በዚህ ምክንያት ነው። ጥርሱ ትላልቅ የሆነ የጭቃ ጎማ ካሰርክ ግን መፍትሔው ጎማውን መለወጥ ብቻ ነው። ንፋሱን ደግሞ መኪናው ላይ ከተለጠፈው ልክ አታሳልፍ፤ በጣም የተነፋ ጎማ እያንዳንዷን ጠጠር ወደ ቦዲው ያስተላልፋል።

ኩሽኔታውን ለመለየት ጭር ባለ መንገድ በ50 አካባቢ መሪውን በዝግታ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አወዛውዝ። ወደ ግራ ስትል ክብደቱ ወደ ቀኝ ጎማዎች ይሄዳል፤ ያኔ ጉርምርምታው ከጨመረ የቀኙን ጠርጥር። ክሪክ አድርገህ፣ በማስደገፊያ ብረት አስደግፈህ በእጅ አዙረው፤ ሌላው እጅህ ጎማውን የያዘው ብረት ላይ ይሁን። የተበላ ኩሽኔታ አሸዋ የገባበት ያህል እጅህ ላይ ይንቀጠቀጣል። ነዳጅ ስትሰጥና ስትለቅ ቃናው የሚለዋወጥ ልቅሶ ካለ ደግሞ ዲፍረንሻሉን አሳይ፤ ማርሽ ስታስገባ "ጓ" ካለ ክሮቼራውን (የካርዳኑን መገጣጠሚያ)።

የላሜራ_እጅ

ኩሽኔታ ያለው ትክክል ነው። እኔ ፉጨቱን ልውሰድ።

የጅማ አካባቢ ቀይ አፈር ለዚህ ሥራ ጥሩ መሣሪያ ነው። ከቦንጋ መስመር ወጥተህ ጥቂት ኮረኮንች ከሄድክ በኋላ መኪናዋን ሳታጥብ ተንሸራታቹን በር ክፈትና የበሩን ጎማ የሚነካውን የላሜራ ጠርዝ ዙሪያውን ተመልከት። ጎማው በደንብ የተጫነበት ቦታ ንጹሕ መስመር ይኖረዋል። መስመሩ ተቋርጦ ቀይ አቧራ ወደ ውስጥ የዘለቀበት ቦታ ክፍት ነው። አቧራ የገባበት ድምፅም ይገባበታል፣ በክረምትም ውሃ ይገባበታል። ቦታውን በእርሳስ ምልክት አድርግበት። የኋላውን በርም እንዲሁ እይ፤ እዚያ የሚገባው አቧራ ብቻ አይደለም፣ የጭስ ማውጫው ጢስም ጭምር ነው።

ክፍተቱ ትንሽ ስለሆነ አትናቀው። የተንሸራታቹ በር ዙሪያ 5 ሜትር ገደማ ነው እንበል፤ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ክፍተት ቢኖር ሲደመር 100 ካሬ ሳንቲ ሜትር ቀዳዳ ይሆናል። ከስፋቱ ከመቶ አንዱ ክፍት የሆነ ግድግዳ ደግሞ በከባዱ የእርሳስ ብረት ብታለብሰው እንኳ ከ20 ዴሲቤል በላይ አያግድም። ወለልና ግድግዳ ላይ ብዙ ብር አፍስሰው ለውጥ ያጡ ሰዎች ችግር አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። የቀለም ሠራተኞች የሚጠቀሙበትን የወረቀት ቴፕ ግዛ፤ ኋላ ሰው ሳይኖር የተንሸራታቹን በር መጋጠሚያ ከውጭ ሙሉ በሙሉ ለጥፈህ ሂድ። ፉጨቱ ከጠፋ ጥፋቱ እሱ ጋ ነው። ካልጠፋ የመስኮቶቹን ጠርዝ፣ ከዚያ የስፖኪዮውን እግር፣ ከዚያ የፊት መስታወቱን ጎማ ተራ በተራ ለጥፍ። የሹፌሩን በር አትለጥፍ።

በሩ ሆኖ ከተገኘ ለጎማ ግዢ አትሩጥ፤ መጀመሪያ ሮለሮቹን እይ። በሩ ከላይ፣ ከመሃልና ከታች ሮለር አለው። የመሃሉ ሲበላ በሩ ከኋላ በኩል ዝቅ ይላል፣ ጎማው ከላይ ይላላል፣ ከታች ይጨፈለቃል። አዲስ ጎማ ብታስገባም በጥቂት ጊዜ እንደ አሮጌው ይሆናል። ሮለሩ ከተስተካከለ በኋላ ቁልፉ የሚይዝበትን ብረት ዙሪያ በእርሳስ ከብበህ ብሎኖቹን አላላና ወደ ውስጥ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ግፋው። በሩ ውስጥ ወረቀት አጥፈህ ዝጋና ሳብ፤ በየቦታው እኩል እየያዘ መውጣት አለበት። ያኔም የላላ ቦታ ካለ ውስጡ ባዶ የሆነ፣ በራሱ የሚጣበቅ የበር ጎማ በዚያ ቦታ ብቻ ጨምር። ወፍራሙን ዙሪያውን ብትለጥፍ በሩ በጉልበት ካልሆነ አይዘጋም፣ ቁልፉም ይበላሻል።

ነባሩ ጎማ ካልተቀደደ በሳሙና አጥበህ ካደረቅኸው በኋላ ከፋርማሲ የሚገኝ ግሊሰሪን ቀባው፤ ይለሰልሳል። ግሪስ፣ የሞተር ዘይት ወይም ናፍጣ የነካው የበር ጎማ ግን ያብጣል፣ ቅርጹም ይበላሻል።

ከፋ_መንገድ (ጅማ)

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። በቴፕ ሞከርኩት፤ ፉጨቱ የተንሸራታቹ በር የላይኛው የኋላ ጥግ ነው። የኋላ ጎማዎቹም በእጅ ሲነኩ ጎድጎድ ያሉ ናቸው። የጣሪያው "ሁምታ" ግን አልተነካም። ፖርቶመጋላውን ማውጣት ግዴታ ነው? ጭነት ሲኖር ያስፈልገኛል።

ንፋስ_አጥኚ

ሁምታው የፖርቶመጋላው አግዳሚ ብረቶች ነው፤ ምልክቱ ሁሉ ወደዚያ ያመለክታል። ንፋስ ክብ ብረት ላይ ሲያልፍ ከጀርባው አንዴ ከላይ አንዴ ከታች እየተጠቀለለ ይላቀቃል፤ በእያንዳንዱ መላቀቅ ብረቱ ይገፋል። የንዝረቱን ቁጥር ለማግኘት ፍጥነቱን በሜትር በሰከንድ ለብረቱ ውፍረት (እሱም በሜትር) አካፍለህ በ0.2 ታባዛለህ። በ80 ስትሄድ ፍጥነትህ በሰከንድ 22 ሜትር ነው፤ የ25 ሚሊ ሜትር ቱቦ በዚያ ፍጥነት በሰከንድ 180 ጊዜ ገደማ ይንቀጠቀጣል። ይህ ወፍራም ሁምታ ነው፤ በእግሮቹ በኩል ወደ ጣሪያው ላሜራ ሲገባ ደግሞ ጣሪያው ያጎላዋል።

ማውጣት ከቻልክ አውጣው፣ ነዳጅም ትቆጥባለህ። ካልሆነ በእያንዳንዱ አግዳሚ ብረት ላይ 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የናይለን ገመድ እንደ ሐረግ ጠምጥምበት። በ25 ሚሊ ሜትር ቱቦ ላይ አንዱ ዙር ከሌላው ከ12 እስከ 13 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። ጠቅጥቀህ ብትጠመጥመው ብረቱን ማወፈር ብቻ ይሆናል። ዙሩ ሲራራቅ ነው ንፋሱ በየቦታው በተለያየ ሰዓት የሚላቀቀውና አንድ ላይ መግፋት የሚያቅተው። ጫፍና ጫፉን በፕላስቲክ ማሰሪያ አጥብቀህ እሰር። በእግሮቹና በጣሪያው መካከልም ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ጎማ አስገባ፤ አንድም ብረት ላሜራውን በቀጥታ አይንካ።

ስለ ፍጥነትም ልጨምር። የንፋስ ድምፅ ከፍጥነት ጋር እጅግ በፍጥነት ያድጋል፤ ከ100 ወደ 80 ብትወርድ ወደ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል። በዚያ መንገድ ላይ ይህን ያህል የሚሰጥህ ነጻ ነገር ሌላ የለም።

የላሜራ_እጅ

አሁን ወደ ወለሉ። ካትራሜውን አልመክርም። ምክንያቶቹ ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ሽታው ነው፤ ፀሐይ የዋለበት ላሜራ ላይ ይሸታል፣ እዚያ ውስጥ ደግሞ ሰው ያድራል። ሁለተኛው፣ የጣሪያው ጥቅል በእሳት ቀልጦ እንዲጣበቅ የተሠራ ስለሆነ በማስቲሽ ላሜራ ላይ ብትለጥፈው ሙሉ በሙሉ አይያዝም፣ ጠርዝ ጠርዙ ይነሳል። ሦስተኛው ለጅማ ሰው ዋናው ነው፦ በተነሳው ጠርዝ ሥር ውሃ ይገባና መውጫ ያጣል። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ በሚያገኝ ከተማ ወለሉ ከሥር እየበሰበሰ ሳታየው ይከርማል። ኋላ የላሜራ ሥራው ከምታተርፈው ብር ይበልጣል።

ኩሽኔታ

በጣሪያና በግድግዳ ላይ እስማማለሁ። ወለል ላይ ግን ለመኪና ተብሎ የተሠራው የካትራሜ ምንጣፍ በሙቀት አየር ተለስልሶ በደንብ ከተጫነ ይሠራል፤ ብዙ መኪና ከፋብሪካው ሲወጣም ወለሉ ላይ እሱ ነው ያለው። ችግሩ የቤት ጣሪያው ጥቅል ነው እንጂ ካትራሜ ራሱ አይደለም።

የላሜራ_እጅ

ልክ ነህ ጋሼ፣ ለመኪና የተሠራው ከተገኘ ወለል ላይ ይሁን። ካልተገኘ ግን አንድ ፊቱ አሉሚኒየም፣ ሌላው ፊቱ የሚጣበቅ ቡታይል ጎማ የሆነው 2 ሚሊ ሜትሩ ይሻላል። ብዙ አያስፈልግም። የዚህ ምንጣፍ ሥራ ላሜራው እንደ ከበሮ እንዳይንቀጠቀጥ መያዝ እንጂ ድምፅን መዝጋት አይደለም። የእያንዳንዱን ሰፊ ላሜራ መሃል ከሩብ እስከ ግማሽ ብትሸፍን ጥቅሙን አብዛኛውን ታገኛለህ። የጎማ ቤቱን ጉልላት ግን መቶ በመቶ ሸፍነው፤ ጠጠርና ውሃ በቀጥታ የሚመታው እሱን ነው። ጣሪያው ላይ በአግዳሚዎቹ መካከል ብትለጥፍ ሌሊት የዝናቡ ድብደባም ይቀንሳል፣ እንግዳህም ይተኛል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ኮምፔልሳቶውን አንሳ። ዝገት ካለ በብረት ብሩሽ ፍቀህ አንቲረስት ቀባና ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። ላሜራውን በአልኮል ጥረግ፤ በናፍጣ ከጠረግኸው ቅባቱ ይቀርና ምንጣፉ ይላቀቃል። ማለዳ ላሜራው ቀዝቃዛ ስለሆነ አትለጥፍ፣ ረፋድ ላይ ፀሐይ ካገኘው በኋላ ጀምር። በትንሽ ሮለር የአሉሚኒየሙ ቅርጽ እስኪጠፋ ድረስ ተጫነው፤ ሥሩ አየር የቀረበት ቦታ ምንም አይሠራም። የወለሉን፣ የበሮቹንና የጎን ቦዲውን የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎች አንዱንም አትሸፍን።

በዚያ ላይ ውሃ የማይጠጣ፣ ቀዳዳዎቹ የተዘጉ ስፖንጅ ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር አንጥፍ። በላዩ 3 ሚሊ ሜትር ከባድ የጎማ ምንጣፍ፣ ከዚያ ኮምፔልሳቶው። ከባዱ ጎማ በካሬ ሜትር 4 ተኩል ኪሎ አካባቢ ይመዝናል፤ 6 ካሬ ሜትር ወለል ካለህ 27 ኪሎ ነው፣ ከጭነትህ ላይ ቀንስ። ከባዱና ላሜራው መካከል ለስላሳ ስፖንጅ መኖሩ ነው ድምፁን የሚሰብረው። ስለዚህ ኮምፔልሳቶውን እንደ ድሮው በብሎን ላሜራው ላይ እንዳታስር፤ እያንዳንዱ ብሎን ንዝረቱን መልሶ ያሻግረዋል፣ ቀዳዳውም ውሃ ያስገባል። ዙሪያውን ከግድግዳው 5 ሚሊ ሜትር አርቀህ በራሱ ክብደት ይቀመጥ፣ አልጋውና ቁም ሳጥኑ ብቻ ለደኅንነት በነባሩ የወንበር ማሰሪያ ቀዳዳዎች ይታሰሩ። ማስቲሽም አታብዛ። ክረምት ሲወጣ ጠርዙን አንስተህ ሥሩን የምታይበት መንገድ ይኑር።

ለግድግዳው ባዶ ቦታ የትራስ ፋይበር ይበቃል። የአልጋ ስፖንጅና ጥጥ ውሃ ይይዛሉ፣ ይሸታሉ፣ ላሜራውንም ያዝጋሉ።

ናፍጣ_3ኤል

ማንም ያላነሳውን ልናገር። በዚህ መኪና ሞተሩ ከፊት ወንበሮቹ ሥር ነው። ጋቢና ውስጥ ካለው የሞተር ድምፅ ብዙው የሚመጣው በወንበሩ ሥር ባለው ክዳን ዙሪያ ነው። ወንበሩን አንስተህ የክዳኑን ጎማ በጣትህ ተጫን፤ ጠፍጣፋ፣ ደረቅና የሚያብረቀርቅ ከሆነ ሥራውን አቁሟል። ምን ያህል ክፍተት እንዳለ ለማወቅ የልጆች ፕላስቲሲን በስስ ፌስታል ጠቅልለህ በየቦታው አስቀምጥና ክዳኑን ቆልፍ። ስትከፍተው የቀረው ውፍረት ክፍተቱ ነው። አዲሱ ጎማ ከዚያ በሲሶ የሚወፍር ይሁን፤ ክፍተቱ 9 ሚሊ ሜትር ከሆነ የ12 ግዛ። ሙቀት የሚችል ይሁን፣ ተራ ስፖንጅ ናፍጣና ዘይት ይጠጣል። የማርሹን ዘንግ ሽፋን፣ የፔዳሎቹን ቀዳዳና የሽቦ መግቢያዎቹን ጎሚኒዎችም እይ።

የክዳኑን ሆድ ማልበስ ከፈለግህ ፊቱ አሉሚኒየም የሆነ የመስታወት ፋይበር ተጠቀም፤ በብሎንና በሰፊ ሮንዴላ እሰረው። በማስቲሽ ብቻ ከለጠፍከው በሙቀት ይላቀቅና ቺንጊያው ላይ ወይም የጭስ ማውጫው ላይ ይወድቃል፤ እሳት ማለት ነው።

ይህ ሥራ የድምፅ ብቻ አይደለም። ሰው የሚያድርበት መኪና ውስጥ የጭስ መግቢያ መኖር የለበትም። ማርሚታውን ከማኒፎልዱ (ጭሱ ከሞተሩ ከሚወጣበት ቱቦ) ጀምሮ ጥቁር የጥላሸት ምልክት ካለበት አስጠግን፣ ከዚያ ሌላውን ዝጋ። በሮቹን ስታጠብቅ መኪናዋ ከበፊቱ ይበልጥ አየር ስለምታጣ ውስጥ ስታበስል ሁልጊዜ መስኮት ክፈት፤ ለሌሊቱም የማይፉጭ የአየር ማስገቢያ ተው።

ከፋ_መንገድ (ጅማ)

በጣም ገብቶኛል። አንድ ነገር ብቻ፦ ብሩ ለሁሉም ባይበቃ የቱን ላስቀድም?

ኩሽኔታ

ማርሚታው የሚያፈስ ከሆነ እሱን አስቀድም። ከዚያ የሞተሩ ክዳን ጎማ፣ የበሩ ሮለርና የፖርቶመጋላው ገመድ፤ ሦስቱም ርካሽ ናቸው። ቀጥሎ የኋላ ሾክ አብዞርበሮቹን አስቀይር፣ ከዚያ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች። ቅደም ተከተሉን አታዛባ፤ ሾኩ ሳይቀየር አዲስ ጎማ ብታስገባ እሱም ይጎደጉዳል። የወለሉን ልብስ ለሚቀጥለው በጋ አቆየው፣ አሁን ግን የጎማ ቤቶቹን ጉልላት ብቻ አልብስ። ከእያንዳንዱ ሥራ በፊትና በኋላ ስልክህን አንድ ቦታ ላይ አስረህ፣ በአንድ መንገድ፣ በአንድ ፍጥነት፣ መስኮት ዘግተህ ለካ። የስልክ መለኪያ ትክክለኛ ዴሲቤል አይሰጥህም፣ ልዩነቱን ግን ያሳይሃል። 3 ዴሲቤል ከቀነሰ ጆሮህ ይለየዋል፤ 10 ከቀነሰ ግማሽ ሆኖ ይሰማሃል።